አንዴ ላንብብልዎት

ብድር የሚጠይቅ ሰው እንኳ ጊዜ ይመርጣል። ደመወዝ የወጣበትን ሰሞን ጠብቆ፣ ቡና ሁለተኛው እስኪወርድ ታግሦ፣ የልጆችን ጤና ጠያይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሥርዓት አያውቅም። ጉርሻ አፌ ውስጥ እያለ፣ ጀሪካን ይዤ ዳገቱን ስያያዘው፣ ታክሲ ውስጥ አንድ እግሬን አስገብቼ ሌላው ሽሮ ሜዳ አስፋልት ላይ ቀርቶ ሳለ ከኋላዬ ድምፁ ይመጣል። «ጋሼ፣ አንዴ ላንብብልዎት?»

አንዴ ተብሎ በአንዴ ያለቀ ግጥም ሰምቼ አላውቅም።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ግጥሙና ብጉሩ በአንድ ክረምት ነው የወጡበት። እናቱ ለብጉሩ ሎሚ ቀባችለት፣ ለግጥሙ ግን መላ አጣች። መጀመሪያማ ጥናት መስሏት ነበር። ማታ ማታ የሒሳብ ደብተሩን ታቅፎ ሲተክዝ ስታየው አንጀቷ እየተላወሰ እንቁላል ትቀቅልለት ነበር። በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ፣ ሒሳቡ ከፊት በኩል ጥቂት ገጽ ሄዶ ቆሟል። ግጥሙ ደግሞ ከጀርባ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ከታተመበት ሽፋን ተነሥቶ ወደ ሒሳቡ እየገሰገሰ ነው። ሁለቱ ጦር የት ላይ እንደሚገጥም እግዜር ይወቅ፤ ማን ድል እንደሚነሣ ግን ከወዲሁ ይታያል።

ያን ደብተር እኔም አገላብጬዋለሁ። በየግጥሙ ግርጌ ቦታና ሰዓት ሰፍሯል፦ «እንጦጦ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት»። ለእናቱ ሳነብላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ይሄ? ይሄ እኮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው!»

ከግጥሙ ራስጌ ደግሞ «መታሰቢያነቱ ለመ.» ይላል። እኛ ሰፈር መቅደስ አለች፣ መሠረት አለች፣ መዓዛም መስከረምም አሉ። ማንኛዋ እንደሆነች ብጠይቀው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ «‹መ› ማለት መከራ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የብዕር ስሙ «ዘእንጦጦ» ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ፊርማውን ሲለማመድ ውሏል። መጽሐፍ ሳይኖረው፣ መጽሐፉ ላይ የሚፈርመው ፊርማ ተዘጋጅቶ አልቋል።

ፍርዱ በልጁ ላይ ብቻ እንዳይሆን፣ ቦታውም እጁ አለበት። እንጦጦ ማርያም ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ጠዋት ጉሙ ወርዶ እስከ ጉልላቷ ሲሸፍናት፣ ባሕር ዛፉ ሲያፏጭ፣ ከሥር አዲስ አበባ ስትጨስ እያየ አድጎ ግጥም ያልሞከረ ልጅ ካለ መመርመር ያለበት እሱ ነው። መርካቶ ያደገ ልጅ ለመግጠም ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል፤ የእኛዎቹ በር ከፍተው መውጣት ይበቃቸዋል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ግን ብርዱንና የማገዶውን እጦት ሸሽቶ ቁልቁል ወደ ፍልውሃው ወረደ። ነገሥታቱ ሲወርዱ ገጣሚዎቹ ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ደግሞ ነገሩ ባሰ። ቅዳሜና እሁድ ስማቸው በ«መ» የሚጀምር ሴቶች ከመላው ከተማ ይመጡ ጀመር።

ወደ ግጥሙ እንግባ። የልጁ ግጥም ቤት ይመታል። እንዲያውም መምታት አይበቃውም፣ ይደበድባል። አርባ ስንኝ ካነበበ አርባውም በ«ሽ» ያልቃል፦ ጠበቅሁሽ፣ ናፈቅሁሽ፣ ቀጠርኩሽ፣ አጣሁሽ። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተወደደችው ልጅ ደግሞ ከግሡ ጭራ ተንጠልጥላ ትመጣለች። ስለዚህ አንዲት ሴት የወደደ ጎረምሳ ቤት ፍለጋ አይንከራተትም። በዚህ ከተማ ያለ ደላላና ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚገኝ ቤት ቢኖር የ«ሽ» ቤት ብቻ ነው። ልጃችንም ገብቶ ኖረበት።

ጨረቃ ነሽ ብዬ በሌሊት ጠራሁሽ፣
ፀሐይም ነሽ ብዬ በቀትር ፈለግሁሽ።

ፀሐይን በቀትር መፈለግ ያን ያህል የሚያደክም ሥራ አይመስለኝም። ይህን ስለው ተቀየመኝ። ቅያሜው ግን እስከ ማታ አልዘለቀም፤ ማታ ሌላ ግጥም ይዞ መጣ።

አንድ ጊዜ «ከሽ ቤት ለቅቄአለሁ» ብሎ አበሠረኝ። እውነትም አዲሱ ግጥም «እንጦጦ» ብሎ ነበር የጀመረው። ጀመረውና መድፊያ ሲያጣ፣ አፍቃሪውን «አዞ ውጦ» ብሎ ገላገለው። እዚህ ተራራ ላይ አዞ ከየት መጣ ብለው፣ «ሌላ ቃል አጣኋ፣ ጋሼ!» አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ሲገባ ደግሞ ምጣኔ የሚባል ነገር ተማረ። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ተከፍሎ የሚሄድ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ጣቶቹ ዕረፍት የላቸውም። አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ስንወጣ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጣቱን ያጥፋል። ስድስት ሲሞላለት ያርፋል፣ እንደገና ስድስት ያጥፋል። ረዳቱ ቆይቶ ቆይቶ አላስችለው አለ። «ወንድሜ፣ የስድስት ሰው ነው የምትከፍለው?»

ሚኒ ሚዲያው ላይ ካነበበ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ ከቤት የወጣው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ ሰማው። አጨበጨቡለት። ብርድ ላይ የቆመ ተማሪ እጁን ለማሞቅም ያጨበጭባል ብዬ ነበር፤ ግን ለማን ልንገረው? በማግሥቱ እናቱን ተሟገታት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ብላቴና ሳለ አምቦ ላይ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ጃንሆይ ባሉበት እንደታየለት፣ ኋላም ስምንት ስምንት ቀለም የሚመዘነው ቤት «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ እንደተጠራ አስረዳት። እናቱ ጸጥ ብላ ሰማችውና፣ «ታዲያ እኔ ጃንሆይን ከየት ላምጣልህ?» አለችው። «ለጊዜው ጋሼን ተጠቀም።»

በዚህ ዓይነት ነው የጃንሆይን ቦታ የያዝኩት።

ፍቅሩ ሲሰለቸው ልጁ ወደ ሞት ዞረ። በዚህ ዕድሜ ያለ ገጣሚ አንድ ጊዜ መሞቱ አይቀርም። መቃብሩን ራሱ ይመርጣል፣ አልቃሾቹን ራሱ ይሾማል፣ «መ.»ንም ግብዓተ መሬቱ ካለቀ በኋላ በሩጫ ያስመጣታል። ከዘገየች ወዲያ ብታለቅስ ምን ይጠቅማል ነው ነገሩ። ታዲያ ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብልኝ እናቱ ከጓዳ ሰማች። ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ማነው የሚሞተው?»

«ግጥም ነው፣ እማ።»

«ማነው የሚሞተው አልኩ እኮ!»

«ተራኪው ነው።»

ተራኪው የሚባል ሰው ቤቷ ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ክንዱን ይዛ ወደ ማርያም ጠበል ወሰደችው። የእንጦጦን የኅዳር ንጋት የማያውቅ ሰው ይህን ቅጣት ሊመዝነው አይችልም። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፣ የሰው ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። ልብሱን አውልቆ ተራ ሲጠብቅ ጥርሱ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው «በስመ አብ» ሲሉ ልጁ ቀድሟቸው መጮኹን የሰማ ሰው ነግሮኛል። ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ጨመሩበት።

ከሰዓት በኋላ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። አፍንጫው ቀልቷል፤ እንደ ወትሮው «ላንብብልዎት» ሳይል ደብተሩን ብቻ ዘረጋልኝ።

ሞቴን ስጽፍ ሰምታ ወሰደችኝ ጠበል፣
በብርዱ ሞትሁላት ግጥሜማ ባይገድል።

ደግሜ አነበብኩት። ጨረቃ የለችበትም። «ሽ» የለበትም። ቦታና ሰዓትም አልተጻፈበትም። ያ ሁሉ ሌሊት ያላመጣውን አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣው። ይህን ብነግረው በነጋታው ራሱ ባልዲ ፍለጋ እንዳይሄድ ፈርቼ፣ «ደኅና ነው» ብቻ አልኩት። እሱ ግን «ይሄ እኮ ግጥም አይደለም፣ ጋሼ፤ ንዴት ነው» ብሎ ገጹን ገለበጠና የጨረቃዋን አወጣ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉ መሪጌታ አሉ ከማርያም ማኅሌት የማይለዩ። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ጎጃም፣ ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት ሲዞሩ ነው። ቅኔ ተማሪ፣ ይላሉ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ይቆጥራል፤ ማታ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ለሁለት ስንኝ! እሷም ብትሆን ማታ የኔታ ፊት ስትቀርብ ሰምና ወርቋ ካልተገጣጠመ ትፈርሳለች። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገምማ የለየለት ነውር ነው።

የኛ ልጅ እኚህን ሰው ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዛቸው። አርባውን ስንኝ አወረደባቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ተኝተው ይሆን ብዬ ስሠጋ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሰሙን ሰማሁት ልጄ። ወርቁ የታል?»

«ወርቅማ ተወዷል፣ የኔታ!»

መሪጌታ ሳቁ። ሳቃቸው ከጥርሳቸው ቁጥር በላይ ነበር። «አሁን ይቺ ናት!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ግን ምን እንዳለ አላወቀም፤ የተሳቀበት መስሎት ሆዱ ባባ። ቅኔ ቢጤ ከአፉ ወጥቶ ሳያውቀው ደጀ ሰላሙ ላይ ጥሎት ሄደ።

ሌላም አለ። ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ከጫካው እንጨት አዝለው የሚወርዱ አንዲት እናት አጠገቡ ቆሙ። እንጦጦን የሚያውቅ እነዚህን ሴቶች ያውቃል፤ ከወገብ ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው የሚረዝም ሸክም ይዘው ቁልቁል የሚወርዱ። ሸክማቸውን አለቱ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ከደረታቸው ሳይፈቱ፣ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ቆዩ። ልጁ አላያቸውም፤ ከጭንቅላታቸው በላይ ያለውን ጉም እያየ «የሕይወት ሸክም» የሚል ግጥም ላይ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ማመልከቻ ነው?» አሉት።

«አይደለም፣ እማማ። ግጥም ነው።»

«እንዲያው ለኔም አንድ ማመልከቻ ብትጽፍልኝ? ቤቱ ያፈሳል። ለወረዳ ነው።»

ጻፈላቸው። በወጉ ነው የጻፈው፤ «ጉዳዩ» የሚለውን ከሥሩ አስምሮ፣ ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ እሳቸው እንደነገሩት አንድ በአንድ ዘርዝሮ። በኋላ እንደሰማነው ማመልከቻው ገቢ ተደርጎ ማኅተም አርፎበታል። ልጁ እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ ማኅተም ያረፈበት እሱ ብቻ ነው። ከዚህ ተራራ ሥር፣ ቁልቁል በዚሁ መንገድ ሲወረድ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥም ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በድሃ አንደበት ገጥሞ ያነበበው ከታሰበ እሱም ማመልከቻ ነበር። ገቢ ያደረገለት መዝገብ ቤት ግን አልተገኘም።

የራምቦን ወሬ ያመጣሁት በዚህ መካከል ነው። የቡና ሰዓት ነበር። የልጁ እናት ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ ነጠላ እየቋጨች በአንድ ጆሮዋ ታዳምጠናለች።

«ራምቦ? ፊልሙ ላይ ጠመንጃ የሚይዘው?» አለ ልጁ።

«ሌላ ነው፤ ፈረንሳዊ ገጣሚ። ጠመንጃ ግን እሱም ይዞ ነበር።»

አርተር ራምቦ የጎረምሳ ገጣሚዎች ሁሉ አለቃ ነው። «የሰከረው ጀልባ» የተባለውን ግጥሙን ሲጽፍ 16 ዓመቱ ነበር። ሃያዎቹን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግጥም የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆነ፤ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ከዚያ ነው እንጦጦ የመጣው፣ በ1879 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገና ስሟን ባገኘችበት ዓመት።

«እዚህ?» ልጁ ከመቀመጫው ተነሣ። «እኛ ሰፈር? ግጥም ሊያነብ?»

«ጠመንጃ ሊሸጥ።»

እናትየው «ንግድ ገባ?» ብላ ቀና አለች። ሰውየውን ወዲያው ወደደችው።

ታሪኩ ግን ለነጋዴም አይመችም። ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ፣ የአፋርን በረሃ በአራት ወር አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም። ሐረርን ይዘው እየተመለሱ ነበር፤ ገበያውን ተከትሎ እንጦጦ ወጣ። ሐረርን በእጁ ያስገባ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ለመግዛት አይቸኩልም። ምኒልክ ዋጋውን ቀነሱበት። ሸሪኩ ላባቱ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር የሟቹን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ አነሡበት። የተረፈውንም በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረር ወርደህ ከገዢው ከመኰንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት። አበዳሪ ነን ባዮችም ከየአቅጣጫው ከበቡት።

የእናትየው ጣቶች ነጠላው ላይ ቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ። የሞተው ሰውዬ ዕዳ እሱን ምን አገባው?»

«ሸሪኩ ነዋ።»

«ውል የለውም? እማኝ የለውም? ዝም ብሎ ከፈለ?»

«ከፈለ። ሐረር ሲደርስም ገንዘቡን በእጁ አላገኘም፤ ወረቀቱን ለመመንዘር ምጽዋ ድረስ ሄደ።»

«ለአንድ ሽያጭ! ታጁራ፣ አንኮበር፣ እንጦጦ፣ ሐረር፣ ምጽዋ!» በየከተማው ጭኗን ትመታለች። «ይሄን አይደለም እንዴ መግጠም? ምኑን ነው ጀልባ ሰከረ የሚለው!»

«ጽፎታልኮ» አልኳት። «ኤደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል። ግን በግጥም ሳይሆን በሒሳብ፤ ገቢና ወጪውን ዘርዝሮ።»

«ይኸው!» ወደ ልጇ ዞረች። «ግጥሙን ትቶ ሒሳብ ያዘ!»

ልጁ አልሰማትም። ደብተሩን ከጀርባው ገልብጦ ጀምሯል። ራምቦን ጉም ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አቁሞታል። ባሕር ዛፉን አውጣው አልኩት፤ ያኔ ባሕር ዛፍ ገና አገር አልገባም፣ ተራራውም ራቁቱን ነበር። በጣም ቅር እያለው ሰረዘው። ባሕር ዛፍ ከወጣ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ትካዜ የለም፤ ራምቦ ባዶ ሜዳ ላይ ከጠመንጃው ጋር ቀረ። ልጁ እስክሪብቶውን ነክሶ ቆየና፣ «የተከፈለው በምን ነበር?» አለኝ።

«በማርያ ትሬዛ ብር።»

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ሞላለት መሰለኝ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ጋሼ፣ ‹ትሬዛ› ከምን ጋር ቤት ይመታል?»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ እናትየው ነጠላዋን መቋጨት ጀምራ ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«‹ዕዳው በዛ› በላ! ይሄም ይጠፋል?»